«የሕይወት እንጨት» በሎንዶን ከተማ

ለቤት የሚያገለግል ዕቃ ሁሉ ከሁለት መንገድ በአንደኛው ይሠራል። አንደኛው መንገድ መጨመር ነው፤ ሸክላ ሠሪ ጭቃን በጭቃ ላይ ትደርባለች፤ ሸማኔ ማጉን በድሩ ውስጥ ያስገባል፤ ግንበኛ ድንጋይን በድንጋይ ላይ ያኖራል። ሁለተኛው መንገድ መቀነስ ነው፤ ሙቀጫና ገበታ፣ የእንጨት ዋንጫም የሚገኙት የማይፈለገው ተነሥቶ የሚፈለገው ሲቀር ነው። የሚጨምር ሰው ቢሳሳት አፍርሶ እንደ ገና ይጀምራል፤ የሚቀንስ ሰው ግን አንድ ጊዜ ያነሣውን መልሶ ሊያኖረው አይችልም። ስለዚህ በመቀነስ የሚሠራ የእጅ ሥራ ከጉልበት ይልቅ ትዕግሥትን፣ ከፍጥነት ይልቅ ማስተዋልን ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ የት ላይ ማቆም እንደሚገባ ማወቅን ይፈልጋል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው በእንግሊዝ አገር በሎንዶን ከተማ በዚህ ዐይነት ስለሚሠራ አንድ ትንሽ የእንጨት ዕቃ፣ እንጨቱም ከየት መጥቶ በዚያች ከተማ ምን እንዳገለገለ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ወደ ሎንዶን የሚሄድ ኢትዮጵያዊ በደቡብ ኬንሲንግተን ሰፈር ያለውን የቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ለማየት ይወዳል። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱት የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ ወደዚያ ቤት ገብተዋልና። እኔም ወደዚያ የሄድሁት ስለዚሁ ነበር። የእቴጌ ምንትዋብን ዘመን የሚያስታውሰውን ጽዋ አይቶ ወዲያው ወደ መንገድ መውጣት ለልብ ስለሚከብድ፣ ሰው በሌሎቹ አዳራሾች እየተዘዋወረ ጥቂት ይቈያል። በዚህ ቤት ከተሰበሰቡት የእንግሊዝ ዕቃዎች መካከል በ17ኛው መቶ ዓመት ከእንጨት የተቀረጸ ታላቅ የመጠጥ ዕቃ ይገኛል። ወርቅም ብርም አይደለም፤ ነገር ግን የመልኩ ጥቁረትና የገላው ልስላሴ ከሩቅ ላየው ሰው ከነሐስ የፈሰሰ ያስመስለዋል።

ይህ ዐይነት ዕቃ እንግሊዞች «ወሴል» የሚሉት መጠጥ የሚቀርብበት ነው። ቃሉ ከጥንቱ ቋንቋቸው የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «ጤና ሁን» ማለት ነው፤ እኛም ስንገናኝ «ጤና ይስጥልኝ» እንደምንባባለው ያለ ነው። ከልደት በዓል አንሥቶ እስከ ጥምቀት ባሉት 12 ቀኖች፣ ከገብስ የሚጠመቀውን መጠጣቸውን አሙቀው፣ ስኳርና ቅመም፣ የተጠበሰም ፖም ጨምረው፣ ጌታና እመቤት ከቤተ ሰባቸውና ከእንግዶቻቸው ጋራ ከዚሁ ከአንዱ ዕቃ ይጠጡ ነበር። ከታላቁም ዕቃ ጋራ ትንንሽ ዋንጫዎች ይሠሩ ነበር፤ በአንዳንዱ ላይ ደግሞ በክዳኑ ጫፍ ቅመም የሚቀመጥባት፣ ውስጧ ባዶ የሆነ አንዲት ትንሽ ዕቃ ትደረግ ነበር።

ታላቁ ዕቃ የተመልካችን ዐይን ይስባል፤ የእጅ ሥራን ለሚያውቅ ሰው ግን የበለጠ የሚያስደንቀው የትንሿ ሥራ ነው። አፈ ሰፊውን ዕቃ የሚቀርጽ ሰው የሚያነሣውንና የሚያስቀረውን እያየ ይሠራል። አፈ ጠባቡንና ሆደ ሰፊውን ትንሽ ዕቃ የሚቀርጽ ግን በአውራ ጣት ልክ በሆነ ቀዳዳ መሣሪያውን አስገብቶ፣ ሆዱን ሳያይ በእጁና በጆሮው ብቻ ይቦረቡረዋል። እንዲህ ያለውን ሥራ በሕይወት ያለ ሰው ሲሠራው ለማየት ፈለግሁ፤ ዳሩ ግን አስቀድሞ የእንጨቱን ነገር መረዳት ይገባል።

እንጨቱ በላቲን «ሊግኑም ቪታይ» ይባላል፤ ወደ ግእዝ ቢመለስ «ዕፀ ሕይወት» ማለት ነው። ኦሪት ዘፍጥረትን ያነበበ ሁሉ ይህ ስም በገነት መካከል ለነበረው ዛፍ የተሰጠ መሆኑን ያውቃል። ይህ የምንናገርለት ዛፍ ግን የሚበቅለው በካሪብ ባሕር ደሴቶች፣ በጃማይካና በኩባ፣ በሂስፓኒዮላና በባሃማስ፣ እንዲሁም በዚያው ባሕር ዙሪያ ባሉ አንዳንድ አገሮች ነው። ቁመቱ መካከለኛ፣ አበባው ሰማያዊ፣ ቅጠሉ በበጋም በክረምትም የማይረግፍ ነው። ዕድገቱ እጅግ ዝግተኛ ስለ ሆነ የተከለው ሰው ለሥራ ሲደርስ አያየውም። ጭረቱ እንደ ተሸመነ ገመድ እርስ በርሱ የተያያዘ ነውና በመጥረቢያ ቢመቱት በቀላሉ አይፈለጥም። ከውሃም ስለሚከብድ ወደ ባሕር ቢጣል እንደ ድንጋይ ይሰጥማል። ከልበ እንጨቱ ክብደት አራተኛ እጅ ያህሉ ሙጫ ነው።

ታላቁን ስሙን ያገኘው ከሕመምተኞች ተስፋ ነው። እስፓንያውያን በ1508 ገደማ ወደ አገራቸው ባመጡት ጊዜ ቂጥኝ የተባለው በሽታ መላዋን አውሮጳ ያስጨንቅ ነበር። በዚያን ዘመን የነበሩ ብዙዎች በሽታው ከአዲሱ ዓለም መጣ ብለው ስላመኑ፣ መድኃኒቱም ከዚያው ይገኛል አሉ። እንጨቱን ፈቅፍቀው፣ ፍቅፋቂውን በውሃ አፍልተው፣ ሕመምተኛውን በሞቀ ክፍል ውስጥ ዘግተው እያስራቡ ያጠጡት ነበር። ጀርመናዊው ባላባትና ጸሐፊ ኡልሪክ ፎን ሁተን በ1519 ስለዚህ መድኃኒት መጽሐፍ አሳትሞ፣ እርሱ ራሱ በዚህ እንጨት እንደ ዳነ ለዓለም መሰከረ። ከ4 ዓመት በኋላ በ1523 በዚያው በሽታ ሞተ። ሐኪሙ ፓራሴልሱስ እንጨቱ እንደማያድን ቢናገርም፣ የአውግስቡርግ ከተማ ታላላቅ ነጋዴዎች ፉገሮች ይነግዱበት ነበርና ገበያው ቶሎ አልቀዘቀዘም። ተስፋ የቈረጠ ሕመምተኛ የሚጠየቀውን ዋጋ ሁሉ ይከፍላል፤ ዛፉም በዚሁ ተስፋ ይቈረጥ ነበር።

እንጨቱ ለመድኃኒት ሲመጣ ከሐኪሞቹ በቀር ሌሎች ሙያተኞች አዩት፤ እነርሱም የቶርኖ ሠራተኞች ናቸው። ቶርኖ ማለት እንጨቱን አጥብቆ ይዞ የሚያሽከረክር መሣሪያ ነው፤ ሠራተኛው መሮውን በመደገፊያ ላይ አሳርፎ ወደሚዞረው እንጨት ሲያስጠጋው፣ እንጨቱ ራሱ በስለቱ ላይ እየዞረ ይቀረጻል። በሎንዶን የዚህ ሙያ ሰዎች ጥንታውያን ናቸው። በ1310 የከተማው ከንቲባ 6 የቶርኖ ሠራተኞችን አስጠርቶ፣ በሕግ ከታወቁት የመጠጥ መስፈሪያዎች በቀር ሌላ መስፈሪያ እንዳይሠሩ አዘዛቸው። የመስፈሪያው ውስጥ በጥቂት ቢጠብብ ገዢው ሳያውቅ ይጐዳልና፣ የአንድ እንጨት ሆድ ስፋት የመንግሥት ጉዳይ ሆኖ ተቈጠረ። በ1604 ንጉሥ ጀምስ ቀዳማዊ ለማኅበራቸው የንጉሥ ደብዳቤ ሰጣቸው፤ ማኅበሩም እስከ ዛሬ አለ።

በ1678 ጆሴፍ ሞክሰን የተባለ የሎንዶን ሰው ስለ ልዩ ልዩ የእጅ ሥራ የሚያስረዳ መጽሐፍ በየክፍሉ እያሳተመ ማውጣት ጀመረ። በዚሁ መጽሐፍ ስለ ቶርኖ ሲናገር፣ ለስላሳው እንጨትና ጠንካራው እንጨት በየራሳቸው መሣሪያ እንደሚቀረጹ ይገልጻል። በዚያን ጊዜ ቶርኖው የሚዞረው በእግር በሚረገጥ ገመድና ከበላይ በተሰቀለ፣ እንደ ቀስት እየተለጠጠ በሚመለስ ዘንግ ነበር፤ ለከባዱ ሥራ ግን ሌላ ሰው ታላቅ መንኰራኵር እያዞረ ይረዳ ነበር። ከቶርኖው ሥር የሚወድቀውም ፍቅፋቂ አይጣልም፤ መድኃኒት ቀማሚዎች ይወስዱት ነበር። ስለዚህ ከአንዱ ጕማጅ ዕቃው ወደ ባለጠጋው ማዕድ፣ ፍቅፋቂው ወደ ሕመምተኛው ድስት ይሄድ ነበር።

እንጨቱ የተመሰገነበት መድኃኒትነት ከንቱ ቢሆንም ሌላ እውነተኛ ኃይል ነበረው፤ ሙጫው ለራሱ ቅባት ይሆነዋልና። የሊንከንሻየሩ አናጢ ጆን ሃሪሰን በ1722 ገደማ ለብሮክልስቢ ፓርክ በሠራው ታላቅ ሰዓት ውስጥ የሚፈታተጉትን ክፍሎች ከዚህ እንጨት ስላደረጋቸው ሰዓቱ ዘይት ሳይፈልግ የሚሠራ ሆነ። ይኸው ሃሪሰን በኋላ መርከበኞች ኬንትሮሳቸውን የሚያውቁበትን የባሕር ሰዓት ሠርቶ ስሙ በዓለም ታወቀ። በ1854 ደግሞ በሎንዶን አጠገብ በግሪንዊች የነበረው መሐንዲስ ጆን ፔን ለእንፋሎት መርከቦች ችግር መፍትሔ አገኘ። መርከቡን የሚገፋው ዘንግ ከመርከቡ አካል በሚወጣበት ቦታ ብረትና ነሐስ እርስ በርሳቸው እየተፋጩ ቶሎ ይበላሉ ነበር። ፔን ዘንጉን በዚህ እንጨት ቍራጮች ከበበው፤ ከባሕሩ ውሃ በቀር ሌላ ቅባት ሳያስፈልገው ዘንጉ በደኅና ይዞር ጀመር። ከዚህ በኋላ ታላላቅ መርከቦች ሁሉ እንጨቱን ስለ ፈለጉት በደሴቶቹ ላይ የመጥረቢያው ድምፅ በረታ።

ለጨዋታም ቢሆን እንግሊዞች ይህን እንጨት አብዝተው ተጠቅመውበታል። በተስተካከለ ሣር ላይ እያንከባለሉ የሚጫወቱባቸው ከባድ ኳሶች ከዚህ የተሠሩ ነበሩ፤ ስለዚህም ኳሶቹን እስከ ዛሬ «እንጨቶች» ብለው ይጠሯቸዋል። በ20ኛው መቶ ዓመት ኳሶቹ ከላስቲክና ከሌላ ሰው ሠራሽ ነገር ይሠሩ ስለ ጀመሩ፣ አሮጌዎቹ በየቤቱ ዕቃ ማስቀመጫና በየአሮጌ ዕቃ ገበያው ተጥለው ቀሩ። ታዲያ ዛሬ ከ«ዕፀ ሕይወት» ትንሽ ዕቃ ለመቅረጽ የሚፈልግ አስተዋይ ሠራተኛ አዲስ ዛፍ አያስቈርጥም፤ አያቶቹ የተጫወቱበትን ኳስ ፈልጎ ይገዛል። እኔም ሥራውን ያየሁት እንዲህ ካለ ሰው ዘንድ ነው።

እኒህ ሽማግሌ የሚኖሩት ከግሪንዊች ጥቂት አለፍ ብሎ ባለ ሰፈር ነው። የሥራ ቤታቸው ከመኖሪያቸው በስተኋላ ያለ ጠባብ ክፍል ሲሆን፣ ከአንድ ቶርኖ፣ ከመሮዎችና ከአንድ መሳያ በቀር የሚታይ ብዙ ዕቃ የለበትም። በፊታቸው የነበረው ኳስ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ነበረው፤ በሁለቱም ጐኑ ትንሽ ክብ ምልክት ተተክሎበት የቀድሞው ባለቤት ስም መጀመሪያ ፊደላት ይነበባሉ። ሽማግሌው አስቀድመው ኳሱን በብርሃን እያገላበጡ ተመለከቱት፤ ቀጥሎም ሸክላ የምትገዛ ሴት ድስቱን አንኳኵታ እንደምታዳምጥ በጣታቸው አንኳኵተው አዳመጡት። «ስንጥቁን አሁን ካላገኘሁት፣ ቶርኖው ሲዞር እርሱ ፊቴን ያገኘዋል» አሉኝ። ከዚህ በኋላ መነጽራቸውንና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛቸውን አደረጉ፤ የዚህ እንጨት ብናኝ ትንፋሽንና ቈዳን ያስቈጣልና።

ኳሱ ሲያዩት ክብ ይምሰል እንጂ ሲንከባለል ወደ አንድ ወገን እንዲያጋድል ሆን ተብሎ ተዛብቶ የተሠራ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማስተካከል ነበር። በቶርኖው መካከል አጥብቀው ይዘው በዝግታ እያዞሩ ዙሪያውን እኩል አደረጉት፤ በአንደኛውም ጫፍ ቶርኖው የሚይዘው አጭር እግር አወጡለት። አሮጌው ቀለም ሲነሣ ከሥሩ ቡናማ ብጫ እንጨት ወጣ፤ ክፍሉም ጣፋጭ ሽታ ባለው መዓዛ ተሞላ። እንጨቱ ብርሃንና አየር ባገኘው ቍጥር ቀስ በቀስ ወደ አረንጓዴ እንደሚለወጥ ነገሩኝ፤ ከዓመት በፊት የተሠራ ሌላ ዕቃም አውጥተው ቢያሳዩኝ እውነትም የጨለመ የወይራ ቅጠል መልክ ነበረው።

የውጭው ቅርጽ ሲያልቅ ትከሻው ሰፋ፣ አንገቱ ጠበበ፣ መልኩም እንደ ትንሽ እንስራ ሆነ። የውስጡን ሥራ የጀመሩት መካከሉን በመሰርሰሪያ በመብሳት ነው። የቀዳዳው ጥልቀት የዕቃውን ወለል የሚወስን ስለ ሆነ በመሰርሰሪያው ላይ ምልክት አደረጉ፤ ከዚያ ምልክት በታች መውረድ ወለሉን ማጣት ነውና። ቀጥሎ ቀጥ ያለች ቀጭን መሣሪያ፣ ከእርሷም በኋላ ጫፏ እንደ መንጠቆ የተቈለመመች ሌላ መሣሪያ አስገብተው ከትከሻው በታች ያለውን ሆድ ማስፋት ጀመሩ። ሙጫ የበዛበት ፍቅፋቂ በጠባቡ ሆድ ውስጥ ስለሚጣበቅ፣ ጥቂት በቀረጹ ቍጥር ቶርኖውን እያቆሙ ያወጡታል። መሣሪያው ከደነዘዘ እንጨቱ ይሞቃል፤ ከሞቀ ደግሞ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ከቀረጹበት ጊዜ ይልቅ የሳሉበትና ያቆሙበት ጊዜ የሚበልጥ መሰለኝ።

«የማያዩትን እንዴት ይቀርጹታል?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ግድግዳው ሲሳሳ ድምፁ ይቀጥናል፤ እጄም የሚሰማው ነገር አለ፤ ነገር ግን ጆሮዬንም እጄንም ስለማላምን እለካለሁ» ብለው ቶርኖውን አቆሙና የተቈለመመ መለኪያ በአፉ አስገቡ። የግድግዳው ውፍረት 5 ሚሊ ሜትር ሆነ። ትንሽ ጨምረው ቀረጹና ደግመው ቢለኩት 4 ሆነ። እኔም ከዚህ የበለጠ ቢሳሳ የበለጠ እንደሚያምር ተናገርሁ። እርሳቸው ግን መሣሪያውን ወደ ቦታው መልሰው፣ «3 ማድረግ እችል ይሆናል፤ ከዚያም ምናልባት 2። ይህ ዛፍ ግን ለማደግ የፈጀውን ዘመን እኔ ልከፍለው አልችልም። አንድ ሚሊ ሜትር ቀጭን ነው ተብዬ ለመመስገን ብዬ በእርሱ ዕድሜ አልወራረድም» አሉ።

የመጨረሻው ሥራ አጭር ነበር። አሸዋ በለበሰ ወረቀት ካለሰለሱት በኋላ ቀለምም ዘይትም አልቀቡትም፤ ከወለሉ አንድ እፍኝ የራሱን ፍቅፋቂ አንሥተው በሚዞረው ዕቃ ላይ ቢያስጠጉት፣ በገዛ ሙጫው እንደ መስተዋት አበራ። ከዚያ በኋላ ከእግሩ ላይ ቈርጠው አወረዱት። በእጄ ይዤ ብመዝነው ከመጠኑ ይልቅ ከባድ ነበር፤ ሚስታቸው ቅርንፉድ ሊያኖሩበት እንደሚፈልጉ ሰማሁ። በአያቶች ዘመን የቅመም ማኖሪያ የነበረው እንጨት በኳስነት ዞሮ ወደ ቀድሞ ሥራው ተመለሰ ማለት ነው።

ከዚያ ቤት ስወጣ ያሰብሁት ስለ ዛፉ ነበር። እኒያ ሽማግሌ በ4 ሚሊ ሜትር ላይ ማቆምን አወቁ፤ አውሮጳ ግን በዚህ ዛፍ ነገር ለብዙ ዘመን ማቆምን አላወቀችም። መጀመሪያ ለመድኃኒት፣ ቀጥሎ ለማዕድና ለጨዋታ፣ በመጨረሻም ለመርከብ ተብሎ ሲቈረጥ ሲቈረጥ፣ በበቀለባቸው ደሴቶች ታላላቆቹ ዛፎች ብርቅ ሆኑ። መንግሥታት በ1973 በዋሺንግተን በተስማሙበትና በ1975 በጸናው፣ ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳትና ዕፀዋት ንግድን በሚወስነው ውል፣ አንደኛው ዐይነት በዚያው በ1975፣ ሁለተኛው በ1992፣ የቀረው ወገኑ ሁሉ በ2003 ተመዘገበ። ስለዚህ እንጨቱ የመንግሥት የፈቃድ ወረቀት ሳይኖረው ከአገር ወደ አገር አይነገድም። ጃማይካ ነጻነቷን ባገኘችበት በ1962 የዚህን ዛፍ ሰማያዊ አበባ የአገሯ አበባ አድርጋ መርጣለች። ሌሎች በግንዱ ሲከብሩበት የኖሩትን ዛፍ ባለ አገሮቹ በአበባው አከበሩት።

የሕክምናውም ነገር ፍጻሜ ሊነገር ይገባል። እንጨቱ ሁተንን አላዳነውም፤ ሆኖም ሙጫው ከደም ጋራ ሲገናኝና ተገቢው መድኃኒት ሲጨመርበት ሰማያዊ እንደሚሆን ስለ ታወቀ፣ ሐኪሞች በሆድ ዕቃ ውስጥ የተሰወረ መድማትን ለመመርመር ተጠቅመውበታል። በዚህም ምርመራ የብዙ ሰው በሽታ ሳይገን ተደርሶበታል። ተስፋ ያለ ልክ ሲጣልበት ያልረዳው እንጨት፣ በልኩ ሲታወቅ ረዳ።

እኛም በየቤታችን ዕድሜ የቈጠረ እንጨት አለን። የአያት ሙቀጫ፣ የፈረሰ ቤት የወይራ ምሰሶ፣ የተሰበረ የዝግባ ሳጥን፣ የጽድ መቃን፤ ከነዚህ ብዙው አሮጌ ነው ተብሎ ወደ ምድጃ ይገባል፤ በምትኩም አዲስ ዛፍ ይቈረጣል። የቤት እመቤትም ሆነች ጌታው ከመማገዱ በፊት እንጨቱን አንሥተው አንኳኵተው ቢያዳምጡት፣ ስንጥቅ የሌለበት ጕማጅ ለጨው ዕቃ ወይም ለቅመም ማኖሪያ ይበቃል። በአገራችን ከተሞች የቶርኖ ሥራ የሚያውቁ ጐልማሶች አሉ፤ ሥራ የሚሰጣቸውም ሰው ይፈልጋሉ። ለልጅ ጋብቻ ወይም ለወዳጅ ቤት ምረቃ ከሱቅ ከሚገዛው ብርጭቆ ይልቅ፣ ከአያት ሙቀጫ የተቀረጸች አንዲት ትንሽ ዕቃ ብትሰጥ ተቀባዩ ከዕቃው ጋራ ታሪክ ይቀበላል፤ በጫካ የቆመውም ዛፍ አንድ ዓመት ይጨመርለታል።